ሥራ ፈቱ ሰርቨር ፋየርዎል ይሁን ወይ?

ጥያቄ፦ «ገላን ውስጥ ባለ አንድ የፕላስቲክ ማሸጊያ ፋብሪካ በአይቲ ክፍል እሠራለሁ። ክፍሉ እኔ ብቻ ነኝ። ወደ 40 ኮምፒውተርና 16 የደህንነት ካሜራ አሉን። ፒችትሪው (የሂሳብ ፕሮግራሙ)፣ የሠራተኞች ፋይሉና ዶሜይኑ (የሠራተኞች መግቢያ ስምና የይለፍ ቃል የሚተዳደርበት) ሁሉም ያሉት አንድ ዊንዶውስ ሰርቨር 2016 ላይ ነው። ኢንተርኔታችን ቋሚ አይፒ ያለው ፋይበር ነው። ሥራ አስኪያጁ ቦሌ ካለው ቢሯቸው ሆነው በሪሞት ዴስክቶፕ ሰርቨሩ ውስጥ ይገባሉ። ፋየርዎል (የሚገባና የሚወጣውን የኔትወርክ ትራፊክ የሚያጣራ መከላከያ) እንግዛ ብዬ የዋጋ ማቅረቢያ ስወስድላቸው ‹ሰርቨሩ ሁለት የኔትወርክ ቀዳዳ አለው፤ ቀኑን ሙሉ ሥራ ፈቶ ነው የሚውለው፤ እሱኑ ፋየርዎል አድርገው› አሉኝ። ሳነብ ግማሹ ይቻላል ይላል፣ ግማሹ በፍጹም ይላል። እርስዎ ምን ይመክራሉ?»

ምላሽ፦

ይቻላል። ግን አታድርገው።

መቻሉን ቶሎ እንለፈው። ሁለት የኔትወርክ ካርድ ያለው ማንኛውም ሰርቨር በአንዱ የገባውን ትራፊክ በሌላው ማሳለፍ ይችላል። ዊንዶውስ ሰርቨር ላይ የራውቲንግና ሪሞት አክሰስ ሚናውን ትጨምራለህ። አንዱን ካርድ ከቴሌ ሳጥን ጋር፣ ሌላውን ከስዊቹ ጋር ታገናኛለህ። ምሳ ሳይደርስ ፋብሪካው በሙሉ ኢንተርኔት አግኝቷል። ጣጣው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የመጀመሪያ ቀን ያለ እንከን ስለሠራ ማንም መልሶ አያየውም።

ሥራ አስኪያጁ «ሥራ ፈት ነው» ያሉት ፕሮሰሰሩን ከሆነ ልክ ናቸው። 40 ኮምፒውተር ኢንተርኔት ሲጠቀም ፓኬት ማሳለፍ ለዘመኑ ሰርቨር ቀልድ ነው። ፋየርዎል ግን ብዙ ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። የሚፈልገው ሌላ ሥራ የሌለበት፣ ከውጭ የመጣ ሰው ቢያንኳኳ የሚያናግረው የማያገኝበት ማሽን ነው። ያንተ ሰርቨር ደግሞ የተገዛው ለማነጋገር ነው። 445 በሚባለው በር (ፖርት) ላይ ፋይል ያጋራል። 3389 ላይ ሪሞት ዴስክቶፕ ይቀበላል። 53 ላይ የዲኤንኤስ ጥያቄ (የዚህ ስም አድራሻ የትኛው ነው የሚለውን) ይመልሳል። 88 እና 389 ላይ የዶሜይን ተጠቃሚዎችን ያስተናግዳል። እነዚህ በሮች ለሠራተኞቹ የግድ መከፈት አለባቸው፤ ለውጭው ዓለም ደግሞ የግድ መዘጋት አለባቸው። ሁለቱም አንድ ማሽን ላይ ሲሆኑ መሃላቸው ያለው አንድ የፋየርዎል ሕግ ብቻ ነው።

እስቲ የወር መዝጊያን አስብ። የሂሳብ ሠራተኛዋ ፒችትሪ አልከፍት ይላታል። ትቸኩላለህ። ዊንዶውስ ፋየርዎል ላይ አዲስ ሕግ ትጨምራለህ። «ለየትኛው ፕሮፋይል?» ብሎ ሲጠይቅህ ሦስቱንም (ዶሜይን፣ የግልና የሕዝብ ኔትወርክ) ምልክት አድርገህ ታልፋለህ። ፒችትሪ ይከፈታል፣ አንተም ተመስግነህ ትሄዳለህ። ሰርቨሩ ከሌላ ፋየርዎል ጀርባ ቢሆን ኖሮ ይህች ችኮላ ብዙ አትጎዳም ነበር። ኢንተርኔቱ ላይ ፊት ለፊት የተሰካ ከሆነ ግን የሂሳብ ፎልደሩን ለዓለም ከፍተሃል። የሚያስጠነቅቅህ ድምፅም የለም።

ይህ ተረት አይደለም። ሜይ 12 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ዓለምን ያመሰው ዋናክራይ የተባለ ፋይል ቆላፊ ቫይረስ የተስፋፋው በዚሁ በ445 በር ነው። ማንም ሊንክ መጫን፣ ማንም ኢሜይል መክፈት አላስፈለገውም። በሩ ክፍት ሆኖ አፕዴቱ ያልተጫነበት ማሽን መሆን በቂ ነበር። ማይክሮሶፍት መድኃኒቱን ያወጣው ከሁለት ወር በፊት፣ ማርች 14 ላይ ነው። እንዲያም ሆኖ በ150 ገደማ አገሮች ያሉ ማሽኖች ተመቱ።

ለሥራ አስኪያጁ የምትነግራቸው ይህን ነው፦ የፋብሪካችንን ዘበኛ «መቼም ቆመህ ነው የምትውለው፣ ካዝናውንም ታቅፈህ ቁም» አንለውም።

ፋየርዎሉ የተለየ ሳጥን ሲሆን እሱን የጣሰ ሰው ገና ኮሪደር ላይ ነው። ሰርቨሩ የራሱ መከላከያ አለው፣ የራሱ የይለፍ ቃል አለው፤ አንተም ለማየት ጊዜ ይኖርሃል። ፋየርዎሉና ሰርቨሩ አንድ ሲሆኑ ግን የጣሰው ሰው በዚያው ቅጽበት የዶሜይኑ ጌታ ነው። የሁሉንም ሠራተኛ የይለፍ ቃል፣ የሂሳብ ፋይሉንና ባካፑን (እዚያው ላይ ካስቀመጥከው፣ ብዙ ጊዜም እዚያው ነው የሚቀመጠው) በአንድ እጅ ይዟል። የሠራተኞች ፋይል ላይ ስልክ፣ አድራሻ፣ ደመወዝና የባንክ ሂሳብ ቁጥር አለ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ይህን መረጃ መጠበቅ የድርጅቱ ሕጋዊ ግዴታ ነው።

አሁን የተለመዱትን አለመግባባቶች ላንሳ። ዋናው ዊንዶውስ ፋየርዎልን የሚመለከት ነው። ዊንዶውስ ፋየርዎል የሚጠብቀው የተጫነበትን ማሽን ነው። ወደ ሰርቨሩ የሚመጣውንና ከሰርቨሩ የሚወጣውን ያጣራል። በሰርቨሩ በኩል ወደ ሌላ ኮምፒውተር የሚያልፈውን ትራፊክ ለማጣራት አልተሠራም። ራውቲንግ ሚናው ላይ ያሉት የፓኬት ማጣሪያዎች ደግሞ ግንኙነቱን ማን እንደጀመረው የማያስታውሱ ቀላል ማጣሪያዎች ናቸው። ስለዚህ «ዊንዶውስ ፋየርዎል በርቷል፣ 40ውም ኮምፒውተር ተጠብቋል» የሚለው ሐሳብ መሠረት የለውም።

ናት (NAT) ፋየርዎል ነው የሚለውም እንደዚሁ ነው። ናት የውስጥ ኮምፒውተሮችን አድራሻ ወደ ውጭው አድራሻ ይቀይራል። ከውስጥ ያልተጠራ ትራፊክ ስለማያሳልፍ በጎን ጥቅም ጥበቃ ይሰጣል፤ ይህ እውነት ነው። ያንን ጥበቃ ግን አንተው ቀድደኸዋል። ሥራ አስኪያጁ ከቦሌ የሚገቡት ቴሌ ሳጥኑ ላይ 3389ን ወደ ሰርቨሩ ስላዞርከው ነው። በዚያ ቀዳዳ የሚመጡት እሳቸው ብቻ አይደሉም። ዛሬውኑ ሰርቨሩ ላይ ኢቨንት ቪውወርን ክፈት፣ ሴኩሪቲ የሚለውን ምረጥ፣ በ4625 አጣራ። እያንዳንዱ 4625 ያልተሳካ የመግባት ሙከራ ነው። ድርጅቱ ውስጥ የሌሉ ስሞች፣ «አድሚን»፣ «ቴስት»፣ «ባካፕ» እያሉ በየደቂቃው ሲሞክሩ ካየህ አትደንግጥ። ኢንተርኔት ላይ የተከፈተ 3389 ሁሉ ዕጣው ይኸው ነው። ቋሚ አይፒ አድራሻዎችን ቀንና ሌሊት የሚቃኙ ፕሮግራሞች አሉ። ገላን ያለ ፋብሪካ ይሁን ኒውዮርክ ያለ ባንክ አይለዩም።

«እንግዲያውስ ዊንዶውስን ትቼ ሊኑክስ ላድርገው» የሚል ይኖራል። ሊኑክስ ጥሩ ፋየርዎል ይሆናል። ገበያ ላይ ካሉት የፋየርዎል ሳጥኖች ብዙዎቹ ውስጣቸው ሲከፈት ሊኑክስ ወይም ፍሪቢኤስዲ ናቸው። የሚሠሩባቸው ማሽኖችም ቢሆኑ አንዳንዶቹ ተራ ኮምፒውተሮች ናቸው። ስለዚህ «ተራ ኮምፒውተር ፋየርዎል አይሆንም» ያለህ ሰው ተሳስቷል። ማሽኑ ተራ ቢሆን ችግር የለም። ችግሩ ሥራው ሲደራረብ ነው። ሊኑክስ ሰርቨር ላይም ድረ ገጽ፣ ዳታቤዝና ፋየርዎል ካጨቅክ ያው ነህ። ለምሳሌ ፕሮግራሞችን ለየብቻ አሽጎ የሚያስኬደው ዶከር። ብዙ ሰው ዩኤፍደብሊው በሚባለው ቀላል ፋየርዎል ሁሉንም በር ዘግቶ ዶከር ውስጥ ዳታቤዝ ያስነሳል። ዶከር ግን ፖርት ሲከፍት የራሱን ሕግ ከዩኤፍደብሊው ፊት ያስገባል። ሰውየው «ዝግ ነው» የሚል ዝርዝር እያየ ዳታቤዙ ለዓለም ክፍት ይሆናል። የዶከር ጥፋት አይደለም፣ የዩኤፍደብሊውም አይደለም። ሁለቱ አንድ ማሽን ላይ አንዱ የሌላውን ሕግ ሳያውቅ ስለሚሠሩ ነው።

ሁሉን በአንድ ሳጥን የሚለው ሐሳብ አዲስም አይደለም። ማይክሮሶፍት ራሱ ሸጦታል። ለትንንሽ ድርጅቶች ያዘጋጀው ስሞል ቢዝነስ ሰርቨር 2003፣ ፕሪሚየም የሚባለው ዓይነት፣ ኢሜይሉንም ፋይሉንም ዶሜይኑንም ይዞ አይኤስኤ ሰርቨር የተባለውን ፋየርዎል ጨምሮ ይመጣ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ያሉት ነገር ልክ ይኸው ነው። በ2008ቱ ስሪት ላይ ማይክሮሶፍት ፋየርዎሉን አወጣው፣ የሁለት ካርዱን አሠራርም ተወው፤ ከፊት ሌላ ሳጥን ይኑር አለ። የአይኤስኤ ወራሽ የነበረው ቲኤምጂ 2010ም ተተኪ ሳይወጣለት ድጋፉ ኤፕሪል 14 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. አብቅቷል። ሠሪው ጥሎት የሄደውን መንገድ አንተ ዛሬ የምትጀምርበት ምክንያት አይታየኝም።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ጠላፊ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ገላን ላይ በየሳምንቱ የሚያማርርህ ጠላፊው ሳይሆን መብራት ነው።

ሰርቨር እንደ ዓይነቱ ከ150 እስከ 300 ዋት ይበላል። ትንሽ የፋየርዎል ሳጥን ከቴሌው ሳጥን ጋር ተደምሮ 20 ዋት ቢደርስ ነው። ሁለት ባለ 12 ቮልት፣ 9 አምፔር ሰዓት ባትሪ ያለው ዩፒኤስ በወረቀት ላይ 216 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ በተግባር ከዚያ ያንሳል። 200 ዋት የሚበላ ሰርቨር ከግማሽ ሰዓት ብዙም ሳያልፍ ይጨርሰዋል። 20 ዋቷ ግን በዚያው ባትሪ ብዙ ሰዓት ትቆያለች። ስለዚህ ሳጥኑ ለብቻው ሲሆን መብራት ሄዶ ሰርቨሩ በሥርዓት ቢጠፋም ኢንተርኔቱ ይቆያል። ካሜራዎቹና መቅጃው ዩፒኤስ ካላቸው ከቤትህ ሆነህ ግቢውን ታያለህ። ዘበኛው ስልክ ባያነሳም ጀነሬተሩ መነሳቱን ታውቃለህ። ሰርቨሩ ፋየርዎል ከሆነ ግን እሱ ሲተኛ ሁሉም ይተኛል።

መብራት ሲመለስም ሌላ ጣጣ አለ። በድንገት የጠፋ ሰርቨር ሲነሳ ዲስኩን ልፈትሽ ይላል፣ አንዳንዴም አንድ ቁልፍ ተጫኑልኝ ብሎ ይቆማል። ከሩቅ ገብተህ እንዳትጫንለት ኢንተርኔቱ ራሱ በእሱ በኩል ነው የሚያልፈው። ያለህ አማራጭ በቃሊቲ መንገድ ተሰልፎ ገላን መድረስ ነው። የመኪናው ሰልፍ ምን እንደሚመስል አንተ ከእኔ ታውቃለህ።

አፕዴቱም እንዲሁ ያስቸግራል። ማይክሮሶፍት በየወሩ ሁለተኛው ማክሰኞ አፕዴት ያወጣል፣ ሰርቨሩም ሪስታርት ይጠይቃል። ሰርቨሩ የፋብሪካው የኢንተርኔት በር ከሆነ ሪስታርት ማለት የሁሉም ሰው ኢንተርኔት መቋረጥ ነው። ሽያጭ ክፍል ይጮሃል፣ ግዢ ክፍል ይጮሃል። አንተም «ቅዳሜ አደርገዋለሁ» ትላለህ፣ ቅዳሜ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። እንዲህ እንዲህ እያለ አፕዴቱ የሚዘገየው ፊት ለፊት ኢንተርኔት ላይ በቆመው ማሽን ላይ ነው። መዘግየት የማይገባው እሱ ሆኖ ሳለ። ሰርቨር 2016 ደግሞ የተራዘመው ድጋፉ ጃንዋሪ 12 ቀን 2027 እ.ኤ.አ. ያበቃል። ከዚያ በኋላ የተለየ ክፍያ ካልከፈላችሁ የደህንነት አፕዴት አይመጣለትም።

መሃል መንገድ አለ ወይ? አለ። ሰርቨሩ ላይ ሃይፐር ቪ ወይም ፕሮክስሞክስ (አንዱን ማሽን ከፋፍለው እንደ ብዙ ማሽን የሚያስኬዱ ሲስተሞች) ጭነህ ፋየርዎሉን እንደ ቨርችዋል ማሽን ማስኬድ ትችላለህ። ፋየርዎሉ የራሱ ሲስተም ስለሚኖረው ቅድም ያልኩት የሕግ መደባለቅ ይቀንሳል። ግን ቅድመ ሁኔታዎች አሉት። ወደ ውጭ የሚሄደው ካርድ ለፋየርዎሉ ቨርችዋል ማሽን ብቻ መሰጠት አለበት፤ ዋናው ሲስተም በዚያ ካርድ ላይ ምንም አድራሻ ሊኖረው አይገባም። ሃይፐር ቪ ላይ «ማኔጅመንት ሲስተሙም ይህን ካርድ ይጠቀም» የምትለዋን ምልክት ማንሳት ከረሳህ ድካምህ ሁሉ ከንቱ ነው። የመብራቱና የሪስታርቱ ችግርም አይፈታም፤ ብረቱ ያው አንድ ነው። ብዙ ሰርቨር ያለው፣ አንዱ ሲወድቅ ሌላው የሚረከብበት ድርጅት ይህን ቢያደርግ አልቃወምም። አንድ ሰርቨርና አንድ ባለሙያ ላለበት ቦታ ግን አልመክርም።

ስለዚህ ምን ልግዛ ትለኛለህ። ሦስት መንገድ አለህ፣ ዋጋቸውም በጣም ይለያያል። ምናልባት ለሥራ አስኪያጁ ያቀረብከው የመጨረሻውን ዓይነት ይሆናል፤ ስለዚህም ደነገጡ።

ለአንተ የምመርጠው ትንሽ የማይክሮቲክ ራውተር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በቀላሉ ይገኛል። የሚያውቁት ልጆችም ብዙ ናቸው፤ አንተ ሥራ ብትቀይር የሚተካህ ሰው አይቸገርም። ዓመታዊ ክፍያ የለውም። ፋየርዎሉ ማን ግንኙነቱን እንደጀመረ ያስታውሳል፣ ቪላን ይለያል (አንዱን ኔትወርክ ይከፋፍላል)፣ ቪፒኤን (ከሩቅ የሚገቡበት የተመሰጠረ መስመር) ያስነሳል። ግን ማስጠንቀቂያ አለኝ። ትንንሾቹ ሞዴሎች ከፋብሪካ ሲወጡ መጠነኛ የፋየርዎል ሕግ ይዘው ይመጣሉ፤ ትልልቆቹ ግን ባዶ ሆነው ነው የሚመጡት። «ትልቁን ገዛሁ» ብሎ ባዶውን ሰክቶ የሚሄድ አለ። በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዊንቦክስ የተባለው ማስተዳደሪያ በር፣ ማለትም 8291፣ ላይ የይለፍ ቃል የሚያወጣ ቀዳዳ ተገኝቶ ነበር። ኩባንያው አፕዴቱን በፍጥነት አወጣ። ሰዎች ስላልጫኑት ግን በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ራውተሮች ተጠልፈው የክሪፕቶ ማውጫ ኮድ ሲያሰራጩ ከረሙ። ስለዚህ የማስተዳደሪያ በሮቹ ከውጭ በኩል ፈጽሞ አይከፈቱ። «አድሚን» የሚለውን ስም ቀይር። አፕዴቱን በየወሩ ጫን፤ ሪስታርቱ አንድ ሁለት ደቂቃ ነው፣ ሻይ ሰዓት ላይ ያልቃል።

ማይክሮቲክ ካልጣመህ የተቀመጠ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ኦፒኤንሴንስ ወይም ፒኤፍሴንስ የተባለውን የፋየርዎል ሲስተም ጫን። ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ፣ ሁለቱም ፍሪቢኤስዲ ላይ የቆሙ ናቸው። 4 ጊጋ ራም፣ ትንሽ ኤስኤስዲና ሁለት የኢንቴል የኔትወርክ ካርድ ይበቃዋል። ሪልቴክ ካርድ ፍሪቢኤስዲ ላይ ስለሚያስቸግር አትጠቀም። ሥራ አስኪያጁ «አዲስ ነገር አንገዛም» ቢሉ መልስህ ይህ ይሁን፤ የሚወጣው የሁለት ካርድ ዋጋ ብቻ ነው። ድክመቱ መብራት ነው። አሮጌ ኮምፒውተር 50 ዋትና ከዚያ በላይ ስለሚበላ ዩፒኤሱ ቶሎ ያልቅብሃል።

ፎርቲጌትና ሶፎስን የመሳሰሉት ፈቃድ የሚከፈልባቸው የፋየርዎል ሳጥኖች ይቀራሉ። ጥሩ ናቸው፤ የማትፈልገውን ድረ ገጽ ይዘጋሉ፣ የታወቁ ጥቃቶችን ይለያሉ። ግን እነዚህ ጥቅሞች የሚሠሩት ዓመታዊ ፈቃዱ እስከታደሰ ድረስ ነው። ፈቃዱ ሲያልቅ ሳጥኑ መሠረታዊ ማጣሪያውን ይቀጥላል፣ አዲስ ጥቃት የመለየት አቅሙ ግን ባለበት ይቀራል። ፈቃዱ በዶላር ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዘንድሮ ዋጋ ለከርሞ ምን እንደሚሆን መገመት ከባድ ነው። የሦስት ዓመት ዕድሳት በጀት ከሌለ አትጀምረው።

ከሦስቱ የትኛውንም ብትመርጥ አሠራሩ ያው ነው። ሳጥኑ ከቴሌው ሳጥንና ከስዊቹ መሃል ይገባል። ቴሌ ሳጥኑ ላይ ወደ ሰርቨሩ ያዞርከውን 3389 ታጠፋለህ። ሥራ አስኪያጁ በቪፒኤን ይገባሉ። ዋየርጋርድ የተባለውን ቪፒኤን እመክራለሁ፤ የማይክሮቲክ ሲስተም በሆነው ራውተር ኦኤስ 7 ላይ አለ፣ ኦፒኤንሴንስ ላይም አለ፣ ስልክም ላይ ይሠራል። ቪፒኤኑን ከከፈቱ በኋላ ሪሞት ዴስክቶፑ እንደ ድሮው ነው፤ የሚጨመርባቸው አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው። ይህን አስቀድመህ ንገራቸው። አለበለዚያ በመጀመሪያው ቀን «የድሮው ይሻል ነበር» ማለታቸው አይቀርም።

ካሜራዎቹን በሌላ ቪላን ለያቸው። ስዊችህ ቪላን የማይችል ተራ ስዊች ከሆነ ለካሜራዎቹ የራሳቸውን ስዊች ስጣቸውና ከሳጥኑ ሌላ ቀዳዳ ላይ ሰካ። በ2016 እ.ኤ.አ. ሚራይ የተባለው ቫይረስ ካሜራዎችንና መቅጃዎችን ከፋብሪካ በወጡበት የይለፍ ቃል እየገባ ሠራዊት አድርጓቸው ነበር። ካሜራ ወደ ሂሳብ ክፍል ኮምፒውተር የሚሄድበት አንድም ምክንያት የለም። የእንግዳ ዋይፋይም እንደዚሁ ለብቻው ይሁን።

ወደ ውጭ የሚወጣውንም ገድብ። ብዙ ሰው የሚገባውን ብቻ ነው የሚያጣራው። ሰርቨሩ አፕዴት ከማውረድና የዲኤንኤስ ስም ከመጠየቅ ውጭ ኢንተርኔት ላይ ጉዳይ የለውም። ሰርቨሩ ላይ ተቀምጦ ዩቲዩብ የሚያይ ሰው ካለ፣ አንተም ብትሆን፣ ይቁም።

አደራ የምልህ አለ። አዲሱ ሳጥን ተተከለ ብለህ የሰርቨሩንና የኮምፒውተሮቹን ዊንዶውስ ፋየርዎል እንዳታጠፋ። እዚህ አገር ፒችትሪ ከኔትወርክ ጋር አልገናኝ ሲል የመጀመሪያው ምክር «ፋየርዎሉን አጥፋው» ነው፤ ከዚያ ማንም አያበራውም። አዲሱ ሳጥን የሚያየው በእሱ በኩል የሚያልፈውን ብቻ ነው። አንድ ስዊች ላይ ያሉ ሁለት ኮምፒውተሮች ሲነጋገሩ እሱ ጋ አይደርስም። አንዱ ሠራተኛ ከውጭ ባመጣው ፍላሽ ቫይረስ ቢያስገባ ሌላውን ኮምፒውተር የሚያድነው የራሱ ዊንዶውስ ፋየርዎል ነው። ለፒችትሪ የሚያስፈልገውን ፕሮግራም ለይተህ ለዶሜይን ፕሮፋይል ብቻ ፍቀድ፤ ትንሽ ጊዜ ይወስዳል እንጂ ይሠራል።

ሳጥኑ የማይችለውንም ልንገርህ። ዛሬ አብዛኛው የድረ ገጽ ትራፊክ የተመሰጠረ ስለሆነ ሳጥኑ ወዴት እንደሚሄድ እንጂ ውስጡ ምን እንዳለ አያይም። ሠራተኛው የውሸት ኢሜይል ላይ የይለፍ ቃሉን ቢጽፍ አያስቆመውም። ፋይል ቆላፊ ቫይረስ አንዴ ውስጥ ከገባ የምትድነው ከኔትወርኩ ተነቅሎ በተቀመጠ ባካፕ ነው። ባካፕህ ሁልጊዜ የተሰካ ውጫዊ ዲስክ ከሆነ አብሮ ይቆለፋል። ሁለት ዲስክ ገዝተህ አፈራርቃቸው፤ አንዱ ሁልጊዜ መሳቢያ ውስጥ ይሁን።

ሥራ አስኪያጁ ሰርቨሩ ሥራ ፈቶ መዋሉ ካንገበገባቸው ሥራ ስጠው። ፋየርዎሉ የሚመዘግበውን ሎግ ይቀበል፣ ያስቀምጥ። ትንንሽ ሳጥኖች ማስታወሻቸው ጠባብ ስለሆነ መብራት ሲሄድ ሎጉ ይጠፋል። አንድ ነገር ቢከሰት ከየት እንደመጣ ልታይ የምትችለው ሎጉ ሌላ ቦታ ካለ ነው። የካሜራውን ቅጂ ግን እዚያ አትጨምር፤ ዲስኩን ይሞላውና ፒችትሪውን ይዞት ይወድቃል።

ሳጥኑን ከተከልክ በኋላ ኮንፊገሬሽኑን ኤክስፖርት አድርገህ ከፋብሪካው ውጭ አስቀምጥ። በጀቱ ከፈቀደ ሁለት ተመሳሳይ ሳጥን ግዛ። ብልጭ ድርግም በሚል መብራት አንዱ ቢቃጠል ሌላውን አውጥተህ ያንኑ ኮንፊገሬሽን ጭነህ በግማሽ ሰዓት ትመልሰዋለህ።

ይህን ሁሉ ነግረሃቸውም «በዚህ ዓመት አንድ ብር አይወጣም» ቢሉ ሰርቨሩን ከፊት አታድርገው። ቴሌ ሳጥኑ ባለበት ይቆይ። 3389 ግን በዚህ ሳምንት ይዘጋ። በቦሌ ቢሮ ቋሚ አይፒ ካለና ቴሌ ሳጥኑ የሚፈቅድልህ ከሆነ ከዚያ አይፒ ብቻ ፍቀድ፤ ካልሆነ አሮጌውን ኮምፒውተር አውጥተህ ቪፒኤን ብቻ አስነሳበት። የሰርቨሩ ድጋፍ በ2027 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ስለሚያበቃ የሰርቨር ግዢ ወይም ማሻሻያ መምጣቱ አይቀርም። ፋየርዎሉን በዚያው የግዢ ጥያቄ ውስጥ እንደ አንድ ዕቃ ጨምረው፤ ከሰርቨሩ ዋጋ አጠገብ ሲቀመጥ ትንሽ ሆኖ ይታያቸዋል።